የጥላዬ ምሰሶ

«ጫማህ ይነክስሃል» አለኝ አሰግደው፣ ገና ከሩቅ ሲያየኝ፤
ጫካው አፍ ላይ ቆሞ፣ እንደምን አደርክ እንኳ ሳይለኝ።
ልክ ነበር።
ሰዓት ሳይሞላን ተረከዜ ተላጠ፣
ጉልበቴ እንደ መጋቢት ቅቤ ቁልቁለቱ ላይ ቀለጠ።
እሱ በበረባሶው እንደ ውሃ ይወርዳል፤
ዞር ብሎ ሲጠብቀኝ ሽምብራ ይቆረጥማል።

ወፍ ዋሻ ይሉታል። ወፉን ሰማሁት እንጂ አላየሁም፤
ዋሻውንም «ወዲያ ነው» አሉኝ፤ አልደረስሁም።
ጉሬዛ ግን አየሁ፣ ነጭ ካባው በአየር ላይ ተንሳፎ፣
ማኅሌት እንደረፈደበት ደብተራ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ አልፎ
ጉም ውስጥ ገባ።

አሰግደው ዛፍ ሲያሳየኝ ዘመድ የሚያስተዋውቅ ይመስላል፤
«ይሄ ወይራ ኩሩ ነው፤ ያ ኮሶ ቶሎ ሆድ ይብሰዋል፤
ያቺ ጥድ መብረቅ መትቷት አልሞት ብላ ነው የተረፈች፤
ይሄ ሳማ ነው፣ አትንካ» — እጄ ግን ቀድማው ነበረች።

ከዚያ አንድ ጉቶ። ሦስት ሰው ተቀምጦ የሚጨዋወትበት፣
ዙሪያውን ሽበት የመሰለ የዛፍ ፂም የበቀለበት።
«ዝግባ ነበር» አለኝ።
«ነበር» ሲል ለቅሶ ቤት የገባ ሰው መሰለኝ።
«ማን ቆረጠው?»
ዱላውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረው።
«ማታ እሱ ቤት ነው የምናድረው።»

ጉም በር ስንደርስ መሽቷል። ውሻው ከሰው ቀድሞ ወጣ።
ባለቤቱ ጥላዬ ይባላል። ጥላ የቆረጠ ሰው፣ ጥላዬ!
ሳቄን ዋጥ አደረግሁት፣ በረደኝ አስመስዬ።
የእንግዳ ተራ የደረሰው ነው፤ ማኅበሩ ሰጥቶታል ፍራሽ፣
ላስቲኩ ገና ያልተላቀቀ፣ ሲገላበጡ የሚንኮሻኮሽ።
የመንዝ ባና ደረቡልኝ፣ የበግ ሽታና ሙቀት አንድ ላይ፤
የባቄላ ክክ ወጥ ቀረበ፣ ለሦስታችን ባንድ ትሪ ላይ፤
ቆራጩና ጠባቂው፣ መሐላቸው እኔ፣
እጃቸው ሲነካካ አየሁ፣ ሰረቅ አድርጌ በዓይኔ።

አሰግደው ጀርባውን ጭስ የጠገበው ምሰሶ ላይ ጣለ።
«በዚህ ግንድ ሦስት መቶ ብር አስቀጥቶኛል» አለ ጥላዬ፣ አረቄ እየቀዳ፤
«መጥረቢያዬንም እንደወሰደ ቀረ። አሁን ይደገፍበታል፣ እየመጣ ከነእንግዳ።»
«ኤግዚቢት ነው» አለ አሰግደው፤ «ኤግዚቢት ይጠበቃል።»
ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

ማንያህልሻል አልሳቀችም።
እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አድርጋ፣ ወደ ማናችንም ሳታይ፣
«በዚያ ክረምት ጣራው ወርዶ ነበር» አለች፣ «በእኔና በሆዴ ላይ።
ቀኔ ደርሶ ነበር።»
ሌላ አልጨመረች።

ያቺ በሆዷ የነበረችው፣ ዘርትሁን፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣
ባትሪ ይዛ ጓሮ ወሰደችኝ፣ ከእኔ ልብ ይበልጣል ልቧ፤
«ጅቡ ታች ነው፣ አትፍራ» አለችኝ፤
ፊቷን አዙራ ጠበቀችኝ።

ሌሊት ንፋስ ሲነሣ ምሰሶው ሲንቋቋ ሰማሁ፤
ሥሩ እዚያ ጫካ፣ ግንዱ እዚህ፤ በሁለቱ መሐል ተኛሁ።
ማን ማንን እንደበደለ ልፈርድ ሞከርሁ። ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።
ከሳሽና ተከሳሽ ወለሉ ላይ፣ ባንድ ባና ሥር፣
ባንድ ዜማ ያንኮራፋሉ።
መዝገቡን ዘጋሁት።

ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ፣ ገደሉ ሥር የአፋር ሜዳ ቀልቶ፣
ዘርትሁን ባለመስመር ደብተር አመጣች፣ እስክሪብቶው በክር ተጎትቶ።
ስም፣ የመጡበት፣ የከፈሉት፤ መጨረሻው «አስተያየት»።
«ጥሩ ነበር» ብዬ ጻፍሁ። ያ ጉቶ መጣብኝ ድንገት።
«ነበር»ን ሰረዝሁ። «ጥሩ» ብቻዋን ቆመች፣
ምሰሶ እንደሌላት ጎጆ ወደ ጎን ዘመመች።

መንገድ ስንጀምር ጥላዬ ከአጥሩ ጀርባ ተጣራ፤
«መጥረቢያዬንስ?»
አሰግደው አልዞረም፤ ዱላውን ብቻ ከፍ አደረገ።
«ስታረጅ!»
«አርጅቻለሁ እኮ!»
መልስ የለም። ከኪሱ ሽምብራ ዘገነልኝ፤
ተረከዜን አይቶ፣ «ዛሬ ቀስ እንላለን» አለኝ።